የጋቢናው ቴሌቪዥን

አባቴ ለጋቢናው ቴሌቪዥን የመረጠው በመዶሻ ነው። ይህን ስናገር የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን ቀልድ አይደለም። ሰበታ ላይ ሦስት ቴሌቪዥን ፊቱ ተደርድሮለት፣ የአንዱንም ምስል በቅጡ ሳያይ፣ በመዶሻ መርጦ ተመለሰ። አብሬው ነበርኩ። እንዲያውም ያን ቀን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ለዚያ ጥፋቴ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ አልጠይቅምም።

ስሜ ቦሰና ነው። የአባቴ እናት ስም ነው፤ እሳቸው ባረፉ በሳምንቱ ስለተወለድኩ ወረስኩት። በ2008 ዓመተ ምሕረት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ክፍላችን ውስጥ ሦስት ሩታ፣ ሁለት ማርቲ ሲኖር ቦሰና ግን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አስተማሪዋ ስሜን በጠራች ቁጥር ከኋላ የሚስቅ አይጠፋም። የሳቀውን ልጅ በዕረፍት ሰዓት አገኘዋለሁ። እልኸኛ ነበርኩ። እናቴ ተረፈች "ይቺ ልጅ ከሆዴ የወጣችውም በእልህ ነው" ትላለች፤ አሁንም ለሰው ስታስተዋውቀኝ ከዚያ ነው የምትጀምረው።

ቤታችን ቡራዩ፣ የአምቦው አስፋልት ዳር ነበር። አባቴ ቀጄላ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭኖ ነቀምቴ ያራግፋል። እኛ መንገዱ ላይ ስለሆንን ሲሄድ አንድ ቀን፣ ሲመለስ አንድ ቀን ቤት ያድራል። መኪናው የሰው ነው፤ ጋቢናው ግን የአባቴ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠበት ወንበር የእሱን ቅርጽ ይዟል፤ ከወንበሩ ኋላ ያለው አልጋ ላይ ደግሞ ከእሱ በቀር ማንም ተኝቶ አያውቅም።

ያን ዓመት ከጥር ጀምሮ አባቴ ከቤት ወደ ጋቢና ዕቃ ማጋዝ ጀመረ። በመጀመሪያ ብርድ ልብስ ወሰደ። ቀጥሎ ትንሿን ቡታጋዝ። ከዚያ ለመስኮቶቹ ወፍራም መጋረጃ አስፈለገው፤ የሰፋችለት እናቴ ናት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እያየሁ እናቴን ታዘብኳት። ባልሽ ዕቃውን እየለቀመ ሲሄድብሽ መጋረጃ ትሰፊለታለሽ? ብያት ነበር፣ በሆዴ።

በሆዴ ያልኩት ምክንያት ነበረኝ። ማርቲ የምትባለው የክፍሌ ልጅ "የጅቡቲ መስመር ሾፌር ሁሉ ሚሌ ላይ ሌላ ሚስትና ሌላ ልጅ አለው" ብላኛለች። ያን ጊዜ ፀጉሯን ጎትቼ አስለቅሻታለሁ። ወሬው ግን ከጆሮዬ አልወጣም። አንድ ቀን አባቴ ከገበያ ሦስት የፕላስቲክ ኩባያ ገዝቶ መጣ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። እኔ ሮጬ ቀዩን ልቀበለው ስል ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደና "የመኪናው ነው" አለኝ። ብቻውን ለሚነዳ ሰው ሦስት ኩባያ። ቆጠርኩት፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የሴትዮዋ፣ አንዱ የልጅቷ።

በማግስቱ እናቴ ከጎረቤታችን ከየወይንሐረግ ጋር ልብስ እያጠቡ ሲያወሩ ሰማኋቸው። የወይንሐረግ ፋብሪካ የምትሠራ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች።

"እስከ መቼ ነው ከልጅቱ የምትደብቁት?" አለች።

"ቀኑ እስኪደርስ ነዋ" አለች እናቴ። "አሁን ብነግራት ትሸበርብኛለች።"

"እሱስ የምሩን ነው?"

"ቆርጧል። ቀጄላን እያወቅሽው! ቤት አይነሳም፣ መኪና ይነሳል ነው የሚለው።"

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? አባቴ ሊሄድ ነው። እናቴ ታውቃለች። የቀረሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን እጄን እየታጠብኩ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ እናቴ ብትፈቅድለትም እኔ አልፈቅድለትም።

ትልልቆቹ በዚያ ሰሞን ሌላ የሚያወሩት ስለ ማስተር ፕላን ነበር። እኔ የማውቀው ማስተር የሠፈራችንን የቴኳንዶ አሠልጣኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ማስተር ፕላን ማለት ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ፣ የገበሬውን መሬት ሊወስድ የሚመጣ ጉልበተኛ ሰው መስሎኝ ኖሯል። ከተማችንን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታንና ሌሎቹን ከአዲስ አበባ ጋር ሊያያይዝ የታሰበ ዕቅድ መሆኑን፣ ገበሬው መሬቴ ሊሄድ ነው ብሎ መፍራቱን፣ ተማሪው አደባባይ የወጣው በዚህ መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ጥር ላይ ዕቅዱ ቀርቷል ተባለ። መንገዱ ግን አልተረጋጋም፤ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት በድንጋይ ይዘጋል።

ከዚያ በፊት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ጉሮሮዬን አሞኝ አሥራ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀርቼ ነበር። የማስታውሰው አንገቴ ላይ የተጠመጠመውን ሻሽና በማንኪያ የሚሰጠኝን ማር ነው። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን የኦቦ ኩምሳ ልጅ ዲሪባ ነቀምቴ አክስቱ ጋ ሊማር ሄደ ተባልኩ። ዲሪባ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። ክረምት ላይ ከቤታችን ፊት ያለው ቦይ ሲሞላ አዝሎ የሚያሻግረኝ እሱ ነው፤ ስሜን ሲጠራም አይስቅም። አባቴ ነቀምቴ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር "ዲሪባ ሰላም ብሎሻል" ይለኛል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሙሉ ዘለላ ሙዝ ከእሱ ተልኮልኝ መጣ። ሙዙን ለማንም ሳላካፍል ሦስት ቀን ደብቄ በላሁት።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አባቴ "ቦሰና፣ ነይ ሰበታ እንሂድ። ለጋቢናው ቴሌቪዥን ትመርጪልኛለሽ" አለኝ። በቤታችን ቴሌቪዥኑን የማዘው እኔ ስለሆንኩ ምርጫው ለእኔ መሰጠቱ አልገረመኝም። የገረመኝ ቴሌቪዥን መፈለጉ ነው። ብርድ ልብስ፣ ምድጃ፣ መጋረጃ፣ ኩባያ፣ አሁን ደግሞ ቴሌቪዥን። ከዚህ በኋላ ቤት ምን ይጎድለዋል?

ሙሴ የሚባለው ሰው ሰበታ ላይ ከባድ መኪኖች የሚቆሙበት ሜዳ ዳር በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ቴሌቪዥንና ቴፕ ይጠግናል። ከሆሳዕና የመጣ፣ ሥራውን በመዝሙር የሚሠራ ሰው ነው።

"አካም ጂርታ ሙሴ?" አለው አባቴ።

"ፋያ ነኝ ኦቦ ቀጄላ፣ ጌታ ይመስገን! ያኛውስ ቴሌቪዥን እንዴት ሆነ?"

አባቴ አንገቱን አከከ። "ተቃጠለ።"

"እንደ ዶሮ ጠበሱት በሉኛ! ስንቴ ልንገርዎት? መኪናው ሃያ አራት ቮልት ነው፣ ቴሌቪዥኑ አሥራ ሁለት። ቀጥታ ሲሰጡት ይሞታል።"

"አሁን እንግዲህ ከአንዱ ባትሪ ብቻ እጠልፋለሁ።"

"እሱም ሾፌር ሁሉ የሚሳሳተው ነው። አንዱ ባትሪ እየደከመ ሌላው ከልክ በላይ እየሞላ፣ በወሩ ሁለቱንም ይጥሏቸዋል። መሐል ላይ ቮልት የሚቀንስ ዕቃ አስገባልዎታለሁ። እርስዎ ዝም ብለው ይምረጡ።"

አንድ ቴሌቪዥን አቃጥሎ ለሁለተኛ ጊዜ መምጣቱን ያወቅሁት ያኔ ነው። አባቴ ጫማው አፍ አውጥቶ በማስቲሽ የሚያጣብቅ ሰው ነው። ለዚህ ነገር ግን አልሳሳም።

ሙሴ ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። አንደኛው ቀጭን፣ አዲስ፣ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛው ከነሲዲ ማጫወቻው እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ትንሽ ማያ ነው። ሦስተኛው ጥቁር፣ ጎኑ የተጫረ፣ የየት አገር ሥራ እንደሆነ የማይታወቅ፣ ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ስፒከር የተገጠመለት ግድንግድ ነገር ነው። ምስሉ ላይ አረንጓዴ መስመር ይሄድበታል።

"ፍላሹ ላይ ምን ልጫንልዎት?" አለ ሙሴ። "መዝሙር? ፊልም?"

አባቴ ዞር ብሎ እኔን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔ ደግሞ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ሰው ሳይ ጆሮዬ ይቆማል።

"የልጅ" አለ። "ለልጅ የሚሆን፣ ሳቅ የበዛበት። ብዙ አድርገው፣ ሁለት ቀን ሙሉ የሚታይ።"

"ለወንድ ነው ለሴት?"

"ለሴት።"

ሙሴ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። አባቴ ቶሎ ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

በቃ። ሚሌ ያለችው ሴት ናት፤ ዕድሜዋም እንደ እኔ ነው። እንባዬ እንዳይወርድ ጣሪያውን አየሁ። ከእሷ ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ጋቢና ውስጥ ተኝተው ካርቱን እያዩ ሲስቁ ታየኝ፤ እሷ በቀዩ ኩባያ ትጠጣለች።

ሙሴ ስለ ሦስተኛው ቴሌቪዥን የተናገረው ነገር ያነቃኝ ያኔ ነው። "ይቺኛዋ ጉድለት አለባት" አለ። "ጎኗ ላይ ያሉት ቁልፎች ሞተዋል። በሪሞት ብቻ ነው የምትከፈተው። የሌላ ሪሞት ደግሞ አትቀበልም፤ ስንቱን ሞክሬያለሁ። ሪሞቷ ከጠፋ የዕቃ መደርደሪያ ትሆናለች።"

ያቺን ቴሌቪዥን የመረጥኩት በዚያች ደቂቃ ነው።

አባቴ ግን ምስል አይጠይቅም፣ ዋጋ አይጠይቅም። አንድ በአንድ ጋቢና ውስጥ አስገብተው እንዲያገናኙለት አደረገ። ከሜዳው ላይ ባዶ በርሜል እያንከባለለ አምጥቶ ከመኪናው አጠገብ አቆመና የሙሴን መዶሻ ያዘ።

"ግቢ" አለኝ። "በሩንና መስኮቱን እዘጋለሁ። አንቺ ካርቱንሽን እዪ። ከውጭ የሆነ ነገር ከሰማሽ ክላክሱን ንኪ።"

ጨዋታ መሰለኝ። በመጀመሪያው ቴሌቪዥን ገና ካርቱኑ ሲጀምር በርሜሉ ጮኸ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ራሴን ከወንበሩ ሥር አገኘሁት። ጉልበቴ ከፔዳሎቹ ጋር ተጋጭቶ ተልጧል። ወጥቼ ክላክሱን ነካሁ። አባቴ በሩን ከፍቶ ፊቴን አየ፤ የራሱ ፊት አመድ መስሎ ነበር። "ይቺ አትሆንም" አለ። በሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ፤ ግን ያን ጊዜ ከወንበሩ አልወረድኩም፣ ክላክሱ ላይ ወደቅሁ እንጂ።

ሦስተኛው ሲገባ እጆቼን በጭኖቼ መሐል አስገብቼ ቆለፍኳቸው። ስፒከሮቹ ጮኹ፣ ጋቢናው በሙዚቃ ተንቀጠቀጠ። በርሜሉ ተመታ። በሙዚቃው መሐል ጥርት ብሎ ሰማሁት። ጥርሴን ነከስኩ። እንደገና ተመታ። አረንጓዴውን መስመር ብቻ አየሁ። ሦስተኛ። አራተኛ። ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ክላክሱን ግን አልነካሁም።

በሩ ተከፈተ። "ሰማሽ?" አለኝ አባቴ፣ መዶሻውን እንደያዘ።

"ምኑን?" አልኩት።

እንዲህ ያለ ፈገግታ ከፊቱ ላይ ካየሁ ብዙ ወር ሆኖኝ ነበር። "ይቺ ናት!" ብሎ ጮኸ። "ሙሴ፣ ይቺን ግጠምልኝ!"

"ምስሏ እኮ መስመር አለው ኦቦ ቀጄላ።"

"ይኑረው!"

ሙሴ ቴሌቪዥኗን ከአልጋው ፊት ለፊት በአራት ቡሎን ሲያስር አባቴ ሁለት ጊዜ እጁን ያዘና ጠብቆ እንደሆነ በራሱ ጉልበት ሞከረው። ሲጨርሱ ሙሴ "ጌታ ይጠብቃችሁ" አለ። "ይጠብቅዎት" አለማለቱን ልብ ያልኩት አሁን፣ ይህን ስጽፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አሁን ሱሉልታ ውስጥ ሁለተኛ ክፍል በረዳትነት አስተምራለሁ፤ እንጀራዬ ምላሴ ነው። ዘንድሮ ክፍሌ ውስጥ ወር ሙሉ አንዲት ቃል ያልተናገረች ልጅ ነበረችና ነገሩን ለእናቴ አወራኋት። እናቴ ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"አንቺም እንደዚያ ነበርሽ" አለችኝ።

"እኔ? መቼ?"

"ያኔ ታኅሣሥ ላይ። ጉሮሮሽን መቼ አመመሽ? ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ተኩሱ መሐል ገባሽ። ቤት ስትደርሺ አንደበትሽ ተዘግቷል። አሥራ አንድ ቀን አንድም ቃል ከአፍሽ አልወጣም። በር ሲንኳኳ እንኳ አልጋ ሥር ነበር የምንፈልግሽ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቴሌቪዥኑን ጮክ አድርጌ ካርቱን ስከፍትልሽ ሳቅሽ። ሐኪሙ 'እንዲህ ያለ ድንጋጤ እንዳይደግማት አደራ' አለን። አባትሽ ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ቤታችን አስፋልት ዳር ነው፤ ረብሻ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው እኛ ጋ ነው። ጋቢናዋን ለአንቺ ነበር የሚያዘጋጃት።"

ስለ ሻሹና ስለ ማሩ ስጠይቃት "ምን እናድርግ፣ የሚደረገው ሲጠፋን ነዋ" አለችና ድንቿን አነሣች።

ያኔ ግን ይህን አላውቅም። ከሰበታ በተመለስን በማግስቱ አባቴ ጎማ ሲያይ ጋቢና ውስጥ ገባሁና ሪሞቱን ወሰድኩ። ካልሲ ውስጥ ከትቼ፣ ካልሲውን የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅሁት። ክረምት ሆኖ እንኳ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አላወርድም ነበር፤ እናቴ "ትምህርት ናፈቃት" ብላ ለየወይንሐረግ ትኮራብኝ ጀመር።

አባቴ ጅቡቲ ደርሶ ተመለሰ። ነቀምቴ ሄደ፣ መጣ። ስለ ሪሞቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም። የጥፋተኛ ዝምታ ነው አልኩ፤ የደበቀው ነገር ባይኖር ኖሮ "ሪሞቴ የት ገባ?" ብሎ አይጮህም ነበር? እውነቱ ግን ቴሌቪዥኗን አንድም ቀን አልከፈታትም። ለራሱ አይደለማ የገዛት።

ነሐሴ ላይ፣ በአንድ ዝናባማ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴ ቀሰቀሰችኝ። "ተነሺ፣ ሽርሽር እንሄዳለን" አለች። በነሐሴ ዝናብ ማን ሽርሽር ይወጣል? መንገዱ ባዶ ነበር። የሱቁ በር ሁሉ ተዘግቷል። አባቴ ተሳቢውን ከነጭነቱ ሌላ ቦታ አቁሞ ጋቢናው ባለበት በፊተኛው ራስ ብቻ መጥቷል። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ እንዳደረግሁ አንሥቶ ጋቢና ውስጥ አስገባኝ።

ገፈርሳ ደረስን። ከግድቡ ማዶ፣ ከአስፋልቱ ርቆ፣ አባቴ የሚያውቀው ገበሬ ባሕር ዛፍ ውስጥ መኪናውን አቆመ፤ አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ። እናቴ መጋረጃዎቹን ዘጋች። እኔ አልጋው ላይ ተቀምጬ ምርመራዬን ጀመርኩ። ብርድ ልብሱ ላይ የሴት ፀጉር ፈለግሁ። ትራሱን አሸተትኩ። የአባቴ ጠረንና የናፍጣ ጠረን ብቻ ነው ያለው። ጠርገውታል አልኩ።

አባቴ በቡታጋዙ ሻይ አፍልቶ ኩባያዎቹን አወጣ። ሰማያዊውን ለራሱ፣ ቢጫውን ለእናቴ ያዘ፤ ቀዩን ለእኔ ሰጠኝ። ልክ ሦስት። የዚያን ጊዜውን ጅል አእምሮዬን ዛሬ ልምታው እላለሁ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ያሰብኩት፣ ልጅቷ ኩባያዋን እኔ እንደያዝኩባት ብታውቅ እንዴት ትናደድ ይሆን ብዬ ነው።

ያኔ ከቡራዩ በኩል ተሰማ። መጀመሪያ አንድ። ከዚያ ተከታትሎ።

ሻዩ ከእጄ ፈሰሰ። እናቴ ዘላ ጭንቅላቴን ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው። "ክፈትላት!" አለች። አባቴ ወደ ቴሌቪዥኗ ዞረ፣ ሪሞቱ የሚቀመጥበት ኪስ ውስጥ እጁን ከተተ። ባዶ ነው። ዳሽቦርዱን በረበረ፣ ትራሱን ወረወረ፣ የወንበሩን ሥር ዳሰሰ። ጎኗ ላይ ያሉትን የሞቱ ቁልፎች በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ጫናቸው።

"እዚህ ነበር! በእጄ ነው እዚህ ያስቀመጥኩት!"

የአዋሽን ቁልቁለት በአንድ እጁ የሚያዞር ሰው እንዲህ ሲደናበር አይቼ አላውቅም።

እናቴ ፊቴን በሁለት እጆቿ ያዘች። "ቦሰና። እዪኝ። አንድ ነገር በዪ የኔ ልጅ። ምንም ይሁን፣ አንድ ቃል በዪልኝ።"

አፌ አልከፈት አለኝ። እንደገና ተኮሱ። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል፤ ከሰበታ ጀምሮ የያዝኩት እልህ ግን አለቀቀኝም። አባቴ ያን ሁሉ የሚተራመሰው ለእሷ ቴሌቪዥን ነው። እኛ እዚህ በፍርሃት ልንሞት እሱ የእሷ ሪሞት ጠፋበት! ቦርሳዬን ከፈትኩ። ካልሲውን አወጣሁ። ሪሞቱን ከውስጡ መዝዤ ወደ ላይ አነሣሁት።

"ይኸው!" አልኩ። "ለእሷ ግን አልሰጥም!"

አባቴ በጉልበቱ ቆሞ ነበር። "ለማን?"

"ለሌላዋ ልጅህ! ሚሌ ላለችው!"

ሁለቱ ተያዩ። ውጭ ተኩሱ አልቆመም። እኔም አልቆምኩም። "ሞኝ መስዬህ ነው? ሦስት ኩባያ ስትገዛ አልቆጠርኩም? መጋረጃ ሲሰፋላት አላየሁም? ለሴት ልጅ ካርቱን ጫን ስትለው አልሰማሁም? ለእኔ ታናሽ ወንድም እንኳ ሳትወልድልኝ ለሌላ ሰው ቴሌቪዥን..." ተኩሱ በጮኸ ቁጥር እኔም ከእሱ በላይ እጮኻለሁ፤ እንዳያቋርጠኝ።

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። የመጣው ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁም። "ቀጄላ" አለች። "እያወራች ነው።"

"ሰምቻለሁ" አለ አባቴ።

"እያወራች ነው እኮ!"

እንባው በጢሙ ላይ ይወርድ ነበር። ተያዙ፣ ስለተያዙ ነው የሚያለቅሱት አልኩ። "በል እንግዲህ ክፈተው" አልኩት ሪሞቱን እየሰጠሁት። "ምን እንደጫንክላት ልየው።"

ተቀበለኝና ሳይጫነው ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠው። "ተይው እሱን" አለ። "ዱበዱ፣ ኢንተላ ኮ። አውሪ፣ ልጄ።"

"ምን ላውራ?"

"የመጣልሽን። እኔን ስደቢኝ።"

ሰደብኩት። ማርቲ ያለችኝን ነገርኩት። ሚሌ ማንም እንደሌለ ምሎልኝ እንኳ ለረጅም ሰዓት አላመንኩትም፤ የሦስቱን ኩባያ ባለቤት አንድ በአንድ ካስቆጠረኝ በኋላ ነው ትንሽ የበረድኩት። ከዚያ ስለ ክፍሌ ልጆች አወራሁ፤ ስለ አስተማሪዋ ጫማ፣ በስሜ ስለሚስቁት፣ ማንን እንዴት እንደመታሁ። ተኩሱ ሲቀርብ እናቴ "ከዚያስ?" ትለኛለች፤ ሲርቅም "ከዚያስ?" ትለኛለች። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ ሲያባራ፣ እንደገና ሲመጣ እያወራሁ ነበር። ከሰዓት በኋላ ላይ ድምፄ ሰልሎ ነበር፤ ጉሮሮዬን የምሩን ያመመኝ ያን ቀን ነው።

አመሻሹ ላይ ውጭው ጸጥ ሲል የሚወራ ነገር አለቀብኝ። አንድ ብቻ ቀረ።

"አባ" አልኩት። "ዲሪባ ነቀምቴ የለም አይደል?"

አባቴ ኩባያውን አስቀመጠ። "የለም" አለ።

"ቦዩ ጋ ሲወድቅ አይቼዋለሁ። ስጠራው አልሰማኝም።"

"አውቃለሁ።"

"ሙዙንስ ማን ነው የላከልኝ?"

"እኔ ነኝ።"

እናቴ ጸጉሬን ትዳስስ ነበር፤ እጇ ቆመ። እኔ አለቀስኩ፤ እንደ ልጅ ሳይሆን ቀስ ብዬ፣ ደክሞኝ። ነቀምቴ የሚለውን ቃል ወድጄው ስለነበር ነው ስንት ወር ይዤው የቆየሁት እንጂ፣ አላወቅሁም ማለት አልችልም።

"ሌላም አለ" አልኩ አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠርጌ። "ያን ቀን ሙሴ ጋ በርሜሉን አራት ጊዜ ነው የመታኸው።"

አባቴ ዞሮ አየኝ። "አልሰማሁም አላልሽኝም?"

"አራቱንም ሰምቻቸዋለሁ። ክላክሱን ግን አልነካሁም።"

አንዴ ያልተከፈተችውን ቴሌቪዥን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ሪሞቱን ከዳሽቦርዱ አነሣ፣ ካልሲውን ከወለሉ ላይ ፈልጎ አገኘ፣ ሪሞቱን ካልሲው ውስጥ መለሰና ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጠው።

"አንቺው ያዢው" አለኝ።